ቅቤ ያልነካው መጫኛ

የቀኝ እጄ አውራ ጣት አልታጠፍ ካለኝ ከርሟል። ወስፌ መያዙ ቀርቶ የገዛ ጋቢዬን ማጣፋት እንኳ ያስቸግረኛል። በአመድ ውሃ ሲነከርና ጠፍር ሲስብ የኖረ ጣት ስለሆነ አልፈርድበትም። ሥራውን ከተውሁ ወዲህ ደጄ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ኮርቻው፣ ስለ አገልግሉ፣ ስለ ማኅደሩ ያነሣሣኛል። ስለ አንዱ መጫኛ ግን ማንም አይጠይቀኝም። ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ዝም ይላል። ወንድሜ ታከለ ታስሮበት ገደል የወደቀበትን የጠፍር መጫኛ የጎነጎንሁት እኔ ነኝ። ብዕር ለመያዝ ሁለት ጣት ይበቃልና፣ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ከመነሻው ልጻፈው።

የተወለድሁት ከገሳይ ወጣ ብሎ፣ የጉና ብርድ ከማይለቀው መንደር ነው። አባቴ ባለ ርስት ገበሬ ነበሩ። ታከለን ለሞፈር፣ እኔን ለቤተ ክርስቲያን መደቡን። ዳዊት ደገምሁ። ዜማ ላይ ስደርስ ግን ድምፄ እምቢ አለና የኔታ «ልጄ፣ አንተ በሌላ ነገር አመስግን» ብለው በደግ ቃል አሰናበቱኝ። ከትምህርት ቤት ይዤ የወጣሁት የማኅደር፣ የመጽሐፍ ቆዳ ከረጢት፣ ስፌት ብቻ ነው። ተማሪ ሁሉ የዳዊቱን ማኅደር ራሱ ይሰፋል፤ እኔን ግን ከዳዊቱ ይልቅ ስፌቱ ይጥመኝ ነበር። ቤት ከገባሁም በኋላ ክረምት ዝናቡ ሲያስቀምጠኝ ለጎረቤት አገልግል ቆዳ አለብሳለሁ፣ ለሰይፍ አፎት እሰፋለሁ፣ የተቀደደ አቅማዳ እጠግናለሁ። ጨዋታ ነበር። ጨዋታው እያደር እንጀራ ሆነ።

እናቴ አፈሩብኝ። በአገራችን ቆዳ የሚያለፋ ሰው ስሙ ፋቂ ነው፤ ፋቂ ደግሞ ዓይኑ ይፈራል፣ ልጁንም የሚያገባለት የለም። አባቴ አንድ ቀን የወጠርሁትን ቆዳ ከነችካሉ ነቅለው ከአጥር ውጭ ጣሉት። ታከለ ከጅብ አፍ ቀድሞ ተሸክሞ መለሰልኝ። ከእኔ ታናሽ ነው፤ በጉልበቱና በጨዋታው ግን እኔን በልጦ ያደገ ሰው ነው። ቆዳውን እግሬ ሥር ጥሎ፣ «ቡዳ ከሆንህ ከጎረቤት ላም ጀምር፤ የኔዋን ተዋት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ቆዳ የሚወጥርልኝ እሱ ሆነ። አባቴም ሁለት ልጅ ከሚያጡ አንድ ቆዳ ቢችሉ ይሻላል ብለው ተዉን።

ሙያውን በእውነት ያስተማሩኝ የይፋጉ አያ እንድሪስ ናቸው። እስላም ናቸው፤ ኮርቻ፣ ልጓምና መጫኛ ሠርተው ገበያ ያወጣሉ። መጀመሪያ የተያየነው የሰፋሁትን ማኅደር ይዤ ገበያ ስወርድ ነው። ማኅደሩን አነሡ፤ ክዳኑን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አጎበጡት፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ስፌቴን እንዲያደንቁ ስጠብቅ፣ «ተጠምቷል» ብለው መለሱልኝ። ቆዳ ሲጎብጥ ከጮኸ ቅባት አልጠጣም ማለት ነው፤ የጠገበ ቆዳ ዝም ይላል። ይኸን ብቻ ነግረውኝ ወደ ሥራቸው ዞሩ። እኔ ግን ከአጠገባቸው አልነሣ አልሁ። ሳልነሣ ብዙ ዓመት ቆየሁ።

ሲያስተምሩ ቃል አያበዙም። ቆዳ በገዙበት ቀን አይነኩትም፤ በሬው ታርዶ ይሁን ሞቶ፣ የት ውሎ የት እንዳደረ ጠይቀው ካልተረዱ አይነክሩትም። መጫኛ ሲሠሩ የአንዱን በሬ ቆዳ ከዳር ጀምረው እየዞሩ፣ ሳይበጥሱ፣ እስከ እምብርቱ አንድ ጠፍር ያወጡታል። ቢላዋው ከተሳሳተ ጠፍሩን ለበግ ማሰሪያ ይሰጡታል እንጂ አይቀጥሉትም። «የተቀጠለ መጫኛ እህል ይጭናል፤ ሰው አይጭንም» ይላሉ። ቆዳው ከአመድ ወጥቶ መታጠቡንም የሚያውቁት በምላሳቸው ነው፤ ጫፉን ቀምሰው ቆንጠጥ ካደረጋቸው ወደ ወንዝ ይመልሱታል። በኋላም ቅባቱ ወደ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ደግመው ይቀምሳሉ።

በሁለታችን መካከል አንድ ልማድ የተፈጠረው ከዚህ የተነሣ ነው። ረመዳን ሲገባ አያ እንድሪስ ቀን ቀን ምንም ነገር በምላሳቸው አያስነኩም። ስለዚህ ቆዳውን ወደ እኔ ያቀርቡና «ቅመስልኝ» ይሉኛል። እኔ እቀምሳለሁ፣ እተፋለሁ፣ ያገኘሁትን እነግራቸዋለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ተራው የኔ ነው። በእኛ ቤት ቅቤ ያለበት ቅል ከቅበላ እስከ ትንሣኤ ታስሮ ይሰቀላል፤ ጣት የሚያስገባበት የለም። ያለ ቅቤ ደግሞ ቆዳ አይለፋም። እኔ ፍቄ፣ ቆርጬ፣ ጎንጉኜ ሥራዬን በአህያ ጭኜ ይፋግ እወርዳለሁ፤ አያ እንድሪስ ይቀቡልኛል። እሳቸው በረመዳን ምላስ አልነበራቸውም፣ እኔ በጾም እጅ አልነበረኝም። እየተዋዋስን ኖርን።

የነፍስ አባቴ መምሬ ወልዴ ቅምሻውን በሰሙ ጊዜ በጣም ተቆጡ። እስላም ያረደውን በሬ ቆዳ በምላስ መንካት ከመብላት ምን ይለየዋል ብለው ስግደት ሰጡኝ። ሰገድሁ። በሚመጣው ረመዳን ደግሞ ቀመስሁ፤ ደግሞ ሰገድሁ። ታከለም ነገሩን ሰምቶ፣ «የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» እያለ ባየኝ ቁጥር ይሥቅብኝ ነበር።

ንጉሡ ደብረ ታቦር ላይ ሲሰፍሩ ኮርቻ ሰፊ ተፈለገና እኔም ተይዤ ሄድሁ። የዚያን ጊዜ አለቃችን የንጉሡ ፈረስ ሹም፣ ባልደራሱ፣ ነበር። ኮርቻ ሲቀርብለት በጩቤው ጫፍ ስፌቱን ይቆረቁራል፤ አንዲት ጅማት ብቅ ካለች ኮርቻውን ጭቃ ላይ ጥሎ በእግሩ ይረግጠዋል፤ ሰፊውንም ያስገርፋል። ቀለብና አሞሌ ይሰጡን ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ይረሱናል። ከእሱ ዘንድ ጠንቅቆ መስፋትን ተማርሁ፤ ደስ ብሎኝ የሰፋሁት ኮርቻ ግን የለም። አባቴ ሲሞቱ ለምኜ ተፈታሁና ወደ መንደሬ ተመለስሁ። ከዚያ በኋላ ቤቴ ቁጭ ብዬ ለአገሬ ሰው ሠራሁ፤ ፋቂ የሚለኝም ሰው ሳይቀር ዕቃውን ይዞልኝ ይመጣል።

ቀኑ እየከፋ ሄደ። እስላም ሁሉ ወይ ይጠመቅ ወይ አገር ይልቀቅ የሚል ትእዛዝ ይፋግ ገበያ ላይ ተነገረ። ሰምቼ ስወርድ አያ እንድሪስ ዕቃቸውን ጠቅልለው፣ በቅሎዋን ጭነው አገኘኋቸው። ወደ መተማ ሊሄዱ ነው። ገበያተኛው ቆሞ ያያል፤ ሊያዝንላቸው ይፈራል፣ አትሂዱ የሚላቸው ሰው የለም። እኔም አላልሁም። ጭነታቸውን አብሬ አጠበቅሁላቸው፤ መጫኛውን ሁለታችን የሠራነው ነው። ለመሄድ ሲነሡ እጄን ይዘው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«የመጪውን ጾም ማን ይቀባልሃል፣ ገብሬ?»

«እግዜር ያውቃል፣ አያ» አልኋቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና በቅሎዋን ነዱ። ያን መንገድ ቆሜ እያየሁ አለቀስሁ፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላልሁም።

ሁለት ጾም በዘዴ አለፍሁ። የተቀባውን ሥራ ከቅበላ በፊት እጨርሳለሁ፤ ያልተቀባውን እስከ ፋሲካ አስቀምጣለሁ። ሦስተኛው ላይ ዘዴ የለም። ጾሙ ከተያዘ በኋላ የንጉሡ ሠራዊት አገሩን እያራቆተ ወደኛ እየመጣ መሆኑ ተሰማ። እህል ያለው እህሉን፣ ከብት ያለው ከብቱን ያሸሻል። የኛ ሰው ከሁሉ ይልቅ የፈራው ለቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ገደል አለ፤ ከገደሉ ወገብ ላይ ዋሻ አለ። በአባቶቻችን ጊዜ እህል ይደበቅበት ነበር። ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ የለም፤ ከላይ በመጫኛ መውረድ ነው። አሮጌው መጫኛ ምስጥ በልቶታል። አዲስ መጫኛ ከእኔ ሌላ የሚሠራ አልነበረም፤ ዋሻው ወርዶ ዕቃ የሚቀበልም ከታከለ ሌላ አልነበረም።

የታከለን ትልቅ በሬ ቆዳ፣ ፍቄ ለክረምት ያስቀመጥሁትን፣ አወጣሁ። ከዳር እስከ እምብርቱ ሳልበጥስ ጠፍር አወጣሁ። የሌሎች ሁለት በሬዎችን ቆዳ ጨምሬ ባለ ሦስት አድርጌ ጎነጎንሁት። ታከለ አንዱን ጫፍ በወገቡ ታጥቆ ይስብልኛል፣ እኔ እጎነጉናለሁ። በሕይወቴ እንዲያ ያማረ መጫኛ ሠርቼ አላውቅም። የቀረው ቅቤ ነው።

መምሬ ወልዴ ዘንድ ሄጄ የቅሉን አፍ ልፍታ ብዬ ለመንኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ጾም ገና ሲገባ ቀጥነው ይታያሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ መጥላት ይቀለኝ ነበር።

«ንዋየ ቅድሳት በሚወርድበት ገመድ፣ በሁዳዴ፣ ቅቤ?» አሉኝ። «ቅባኑግ ምን ሆነና?»

«ቅባኑግ ለቆዳ ቅባት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ መምህሬም ሲቀቡበት አላየሁም» አልኋቸው።

«መምህርህ የማይጾም ነው።»

ይጾማሉ ልል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ለቅምሻው ስግደት ችያለሁ፤ ለዚህ ግን አልቻልሁም። ፈራሁ። መጻሕፍቱ በኔ ምክንያት ረክሰው ቢጠፉስ ብዬ ፈራሁ። ቤቴ ገብቼ መጫኛውን በቅባኑግ አሸሁት፤ በእጄ፣ በተረከዜ፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ ድረስ። ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ አጎበጥሁት። ዝም አለ። ቆዳው ጠግቧል አልሁ፤ ደስ አለኝ። አያ እንድሪስ እዚህ ቢሆኑ ይቀምሱት ነበር። እኔ ግን በጾም የበሬ ቆዳ አልቀምስም።

መጻሕፍቱ በደህና ወረዱ። ታከለ በመጫኛው ወገቡን ታስሮ ወረደ፤ መጻሕፍቱ በቅርጫት ሆነው አንድ በአንድ ተከተሉት። ሁሉም በእኔ ማኅደር ውስጥ ናቸው። ሲጨርስ ስበን አወጣነው፤ ከገደሉ አፍ ብቅ ሲል እየሣቀ ነበር። መጫኛው ዕቃ ቤት ተሰቀለ። ጊዜው በጋ ነው፤ ምድሩም ንፋሱም ደረቅ ነው። ሠራዊቱ መጥቶ ጎተራችንን ጠርጎ፣ ከብታችንን ነድቶ፣ ሁለት ቤት አቃጥሎ ሄደ። መጻሕፍቱን አላገኘም። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ተርቦም ቢሆን ኩራት ተሰማው።

ሆሳዕና ደረሰ። ሰሙነ ሕማማት ውስጥ ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ስለዚህ በሆሳዕና ዕለት በሚመጣው ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት ይደረጋል። ያን ቀን ታከለ ዘንባባውን ጣቱ ላይ አስሮ ከአጠገቤ ቆሞ ነበር። መምሬ ወልዴ ሲያነቡ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ለማን እንደሚነበብ ማን ያውቃል።

የሠራዊቱ ጭራ ከወንዙ ማዶ የራቀው እሑድ ሲመሽ ነው። ሰኞ ማለዳ ግብረ ሕማማቱ ካልተነበበ ሕማማት አይሆንም ተባለ፤ መጽሐፉ ደግሞ ዋሻ ውስጥ ነው። ጎሕ ሲቀድ ወደ ገደሉ ሄድን። መጫኛውን ከገደሉ አፍ ላይ ካለው ወይራ ጋር አሰርሁ። ታከለ ወገቡን ታጠቀና እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞረ።

«ይይዛል?»

«ይይዛል» አልሁት።

ወረደ። ሲወርድ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ እንደ አዲስ ኮርቻ። ወይራው ነው አልሁ። መጫኛውን ፈትቶ መጽሐፉን አስሮ ላከልን፤ ስበን አወጣነው። መምሬ ወልዴ ማኅደሩን ተሳለሙና አቀፉት። መጫኛውን መልሰን ወረወርንለት፤ ታጠቀ፤ መሳብ ጀመርን። ያው ድምፅ ደግሞ መጣ። የገደሉ አፍ ላይ እጁ ታየኝ፤ ጣቶቹ ላይ የትናንቱ ዘንባባ ነበር። ከዚያ የምንስበው ነገር ቀለለና ሁላችንም ወደ ኋላችን ወደቅን።

ሬሳውን በታች በኩል ዞረን እስክንደርስ ቀኑ ተጋመሰ። ያለ ፍትሐት፣ ያለ ከበሮ ቀበርነው። ፍትሐቱን ቆሞ የሰማው ራሱ ነው። ያን ሳምንት ሙሉ ግብረ ሕማማቱ ተነበበ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው የእኛ ሆነ። ዓርብ ስቅለት ሲደርስ መምሬ ወልዴ ንባቡ መሀል ላይ ቆሙ፤ መቀጠል አልቻሉም፤ ሌላ ቄስ ተቀብሎ ጨረሰው።

ሰው ሁሉ አጽናናኝ። ቋጥኙ ነው የቆረጠው አሉ። ገደሉ አፉ ስለት ነው፣ ብረትም ቢሆን ይቆርጥ ነበር አሉ። መምሬ ወልዴ ከሁሉ በላይ ቋጥኙን ይረግሙ ነበር። የታከለ ሚስት የሺ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ እኔ ቤት ስትመጣ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጠፍር እንዳታይ ፊቷን ወደ ደጅ አድርጋ ትቀመጣለች። እኔም ቋጥኙን አመንሁ። ማመን ፈለግሁ። የተበጠሰውን ጫፍ ቆርጬ በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትሁት፤ ዳግም አላየሁትም።

ንጉሡ ከሞቱ በኋላ የተሰደደው እስላም አንድ አንድ እያለ ይመለስ ጀመር። በታኅሣሥ ብርድ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አንድ ሽማግሌ በበትር እየተደገፈ አጥሬ በር ላይ ቆመ። አያ እንድሪስ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ተቃቀፍን። የታከለን መሞት መንገድ ላይ ሰምተዋል። ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጣው» አሉኝ።

ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከሣጥኑ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አውራ ጣታቸውን በተበጠሰበት ላይ ቀስ ብለው አስኬዱት፣ አንዴ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አጎበጡት። ጩኸቱ እተቀመጥሁበት ድረስ ተሰማኝ። ወደ አፋቸው ወሰዱትና ከንፈራቸው ጋር ሲደርስ ተዉት። ረመዳን ነው።

«ቅመስልኝ» አሉ።

እኔም ጾም ላይ ነበርሁ፤ የነቢያት ጾም ነው። አልነገርኋቸውም። ቆዳውን ተቀብዬ ምላሴ ላይ አደረግሁት። ድንጋይ ሆኗል፤ ከድንጋዩ ሥር ግን ጣዕሙ ገና አለ፣ መራራ፣ የቆየ።

«ምን አለህ?»

«ቅባኑግ።»

«ቋጥኝ የቆረጠው ጠፍር ጫፉ እንደ ጭራ ይበታተናል» አሉ ዝግ ብለው። «ይኸ እንደ ደረቅ እንጨት ነው የተሰበረ። ቅባኑግ ለጊዜው ያጠግባል፤ ሲደርቅ ቆዳውን ይዞት ይደርቃል። ከመበጠሱ በፊት ግን መጮሁ አይቀርም። አልሰማኸውም?»

«ሰምቼዋለሁ፣ አያ» አልኋቸው። «ወይራው ነው ብዬ ነው።»

ጎን ለጎን ተቀምጠን ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅን። ውሃ በቅል አቀረብሁላቸው፤ ጠጡና ጾማቸውን ፈቱ፤ የቀረውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። የቅባኑጉ ጣዕም ገና ምላሴ ላይ ነበር፤ እንዲታጠብልኝ አልፈለግሁም። አልጠጣሁም።